ቀድመውኝ የነኩት እጆች

ወረቀቱ ከሊብሬው መሃል በአራት ታጥፎ ነበር። ጋሼ ሰማያዊና ነጭ ላዳቸውን ከጋራዡ በር ላይ አቁመው፣ ሞተሩን ሳያጠፉ፣ በመስኮት አቀበሉኝ። «ልጄ፣ ቦሎ ከለከሉኝ። ጭሱ በዝቷል አሉ።» ዕድሜያቸውን ሙሉ ሽሮ ሜዳን ሲወጡና ሲወርዱ የኖሩ ባለታክሲ ናቸው። ቦሎ ካልተለጠፈ መኪናዋ ትቆማለች፤ መኪናዋ ከቆመች ቤታቸው የሚገባ ነገር የለም።

ወረቀቱን ዘርግቼ አነበብኩት። ካርቦን ሞኖክሳይድ 6.2 በመቶ፣ ሃይድሮካርቦን 430 ፒፒኤም፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ 10.3 በመቶ፣ ኦክሲጅን 0.6 በመቶ።

እንዲህ ያለ ወረቀት ሲመጣ የሚደረገውን አውቀዋለሁ፤ እኔም ለዓመታት አድርጌዋለሁ። ካቻቢቴ አንስቶ የካርቡራተሩን የድብልቅ ብሎን ሩብ ዙር ማጥበቅ፣ ጭሱ እስኪቀንስ መጠበቅ፣ መኪናዋን ወደ ምርመራ መላክ። አልፋ ስትመለስ ደግሞ «ጉልበት አነሳት» ስለሚባል ብሎኑን ወደ ነበረበት መመለስ። ቦሎው ይለጠፋል፤ ሞተሩ ግን እንደታመመ ይከርማል፤ ማርሚታው ጀርባ የሚሄዱት የትምህርት ቤት ልጆችም ያንኑ አየር ይስባሉ። ይህን ሥራ ከተውኩ ቆየሁ። የተውኩበት ምክንያት ሕሊና ብቻ አይደለም። አሮጌ መኪና በጭስ ምርመራ ስትወድቅ አብዛኛውን ጊዜ የጣላት እርጅናዋ ሳይሆን እጅ መሆኑን እየቆየሁ ስለተረዳሁ ነው። አንዱ መካኒክ ያላየውን ብልሽት በብሎን ሸፍኖ ይልካታል፤ ሌላው ያንን ሽፋን እንደ ብልሽት ቆጥሮ በሌላ ይሸፍነዋል። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይሉታል ይህንን። እኔ ዘንድ ስትደርስ ሥራዬ መጠገን ከመሆኑ በፊት፣ ከእኔ በፊት የነኳት እጆች ያደረጉትን አንድ በአንድ መፍታት ነው።

ለዚህ ነው አራቱን ቁጥሮች ሳላነብ ምንም የማልነካው። አንድ ኪሎ ቤንዚን ተሟልቶ እንዲቃጠል 14.7 ኪሎ አየር ይፈልጋል። አየሩ ሲያንስ ካርቦኑ ኦክሲጅን ስለማይበቃው ግማሽ መንገድ ላይ ቀርቶ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሆናል። ስለዚህ ይህ ቁጥር ሲያሻቅብ ቤንዚን በዝቷል ማለት ነው። ሃይድሮካርቦን ደግሞ ጭራሽ ሳይቃጠል የወጣ ቤንዚን ነው፤ ካንዴላ ሲስት፣ ቫልቭ በደንብ ሳይዘጋ ሲቀር፣ ወይም ድብልቁ ከመጠን በላይ ሲሳሳ ይወጣል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ የደህና ቃጠሎ ምልክት ነው፤ ጤነኛ ሞተር ላይ 13 እና 14 ይደርሳል። ኦክሲጅን በዝቶ ከተገኘ መጀመሪያ የማየው ማርሚታውን ነው፤ ቀዳዳ ካለው የውጭ አየር እየሳበ ቁጥሩን ሁሉ ያቀጥነዋል። የጋሼ ወረቀት ላይ ኦክሲጅኑ ትንሽ፣ ሞኖክሳይዱ ብዙ ነው። ቤንዚን በዝቷል። ከየት እንደመጣ ግን ወረቀቱ አይናገርም።

አዲስ አበባ ላይ ይህ ጥያቄ ሌላም ነገር አለው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳር ጋር ሲነጻጸር በሩብ ያህል ያንሳል። ምድጃችን ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ የሚፈላው ለዚህ ነው። ካርቡራተር ደግሞ አየሩ መሳሳቱን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ለቆላ ተብሎ የተበሳ የቤንዚን ቀዳዳ እዚህ ሲመጣ ለቀጠነው አየር የሚበዛ ቤንዚን ይሰጣል። ሹፌሩ ግን የሚሰማው ተቃራኒውን ነው፤ ዳገት ላይ መኪናዋ ትደክማለችና ቤንዚን ያነሳት ይመስለዋል። እንጦጦ ላይ፣ ከ3000 ሜትር በላይ፣ ድካሙ ይብሳል። ቤንዚን ሲጨመርላት ደግሞ ጥቁር ጭስ እየተፋች እንደደከመች ትቀጥላለች።

ላዳን እወዳታለሁ፤ ልደብቀው አልችልም። ከፊያት 124 የተቀዳች ናት፤ ቶልያቲ ከተማ ላይ ከ1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተሠርታለች። ለዚህም ይመስለኛል ካንዴላ፣ ፑንቲና፣ ቴስታታ፣ ፖምፓ እያልን ከጣሊያን በወረስነው ቋንቋችን ስንጠራት ሁሉ ነገሯ በቦታው የሚገኘው። ኮምፒውተር የላትም፤ ያለባትን በእጅ፣ በዓይንና በአፍንጫ ትነግራለች።

ካርቡራተሩን ከመንካቴ በፊት ማርሚታውን አየሁ፤ ደህና ነው፤ ከፊት ያለው መጋጠሚያ ብቻ ላልቷል፣ አጠበቅኩት። የፑንቲናውን ክፍተት 0.4 ሚሊ ሜትር ላይ አደረግኩ። አራቱን ካንዴላዎች ነቀልኩ፤ ሁሉም ላይ ደረቅ ጥቁር ጥላሸት አለ፤ አራቱም እኩል መሆናቸው ነገሩ ከአንድ ሲሊንደር ሳይሆን ከጋራ ምንጭ እንደሚመጣ ነገረኝ። ቫልቮቹን ሞተሩ ቀዝቅዞ በ0.15 ስፔሰር ለካሁ፤ ሁለቱ ጠብቀው ነበር፣ አላላኋቸው። ይህ ሁሉ ግማሽ ቀን ፈጀ። ጋሼ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ያዩኛል። «ካርቡራተሩን አታየውም እንዴ?» አሉኝ ሁለት ጊዜ። «እደርስበታለሁ፣ ጋሼ» አልኳቸው።

ከዚያ ሞተሩን አሙቄ የጋዝ መለኪያችንን ማርሚታው ውስጥ ከተትኩ። ሞኖክሳይዱ 6.1። የድብልቁን ብሎን ካቻቢቴ አስገብቼ ሞከርኩት፤ ሊዘጋ ትንሽ ነው የቀረው። እዚህ ላይ ቆምኩ። ብሎኑ ይህን ያህል ተዘግቶ ሳለ ቤንዚን ከበዛ፣ ቤንዚኑ በብሎኑ በኩል አይደለም የሚመጣው።

ከሞተሩ ጎን ወደ አየር ፊልትሮው የሚሄድ ወፍራም የሞተር መተንፈሻ ጎማ አለ። ከሞተሩ ሆድ የሚወጣውን ጋዝ ተመልሶ እንዲቃጠል ያስገባል። ጎማውን ከፊልትሮው በኩል ነቅዬ ቀዳዳውን በጨርቅ ዘጋሁ። ቁጥሩ መውረድ ጀመረ። 5፣ 4፣ 2.5፤ ከ1 በታች ወርዶ ቆመ። ሞተሩ ደግሞ መንቀጥቀጥ ያዘ፤ ሃይድሮካርቦኑ ወደ ላይ ሄደ። ድብልቁ ሳስቶ እየሳተ ነው። በእጄ የያዝኩት ጎማ ጫፍ ላይ አፍንጫዬን ሳስጠጋ ቤንዚን፣ ንጹሕ ቤንዚን ሸተተኝ።

የዘይት መለኪያውን መዘዝኩ። ዘይቱ ከላይኛው ምልክት አልፏል፤ ቀጥኖ እንደ ውሃ ይንጠባጠባል። ለጋሼ ሰጠኋቸው። አሽትተው ቀና ብለው አዩኝ። «ይህ እኮ ቤንዚን ነው!»

የላዳ የቤንዚን ፖምፓ ሞተሩ ጎን ላይ ተለጥፎ በሞተሩ ነው የሚገፋው። በውስጡ ያለው ዲያፍራም ሲቀደድ ቤንዚኑ ቀስ እያለ ወደ ሞተሩ ሆድ ይወርዳል። ዘይቱ ሲሞቅ ቤንዚኑ ይተንና በመተንፈሻው ጎማ በኩል ተመልሶ ይቃጠላል፤ ማንም ያልለካው፣ በካርቡራተሩ ያላለፈ ቤንዚን። አንድ መካኒክ ይህን ሳያይ ብሎኑን ዘግቷል። ጠዋት፣ ዘይቱ ሳይሞቅ ስለሠራው ሳይሆን አይቀርም፣ ጋራዥ ውስጥ ደህና መስሎ ታይቶታል። ምርመራው ግን ረጅም ሰልፍ አለው፤ መኪናዋ ተራዋ እስኪደርስ ሞተሯ ተነስቶ ትጠብቃለች፣ ዘይቱ ይግላል፣ ትወድቃለች። የቀጠነ ዘይት ብረትን ከብረት እንደማይለይም አስቡት፤ ያ ብሎን ሌላ ጥቂት ወር ቢሸፍነው ኖሮ ጋሼ የሚከፍሉት ለቦሎ ሳይሆን ለሞተር እድሳት ይሆን ነበር።

ፖምፓውን ቀየርኩ፣ ዘይቱን ከነፊልትሮው ቀየርኩ፣ ብሎኑን ከፍቼ ሞኖክሳይዱን በሚኒሞ፣ ጋዝ ሳይረገጥ፣ 1.3 በመቶ ላይ አረጋጋሁት። ሥራው ያለቀ መስሎኝ ነበር። ወደ 2500 ዙር ሳሳድገው ግን ሞኖክሳይዱ ተመልሶ 5 ገባ። በሚኒሞ የማይታይ ሌላ እጅ አለ ማለት ነው። ካርቡራተሩን አሁን ከፈትኩት። የዋናውን ቤንዚን ቀዳዳ የያዘችውን ትንሽ ነሐስ አውጥቼ ወደ ብርሃን ስይዛት፣ ቀዳዳዋ ክብ አይደለም፤ ጠርዟ ላይ የመሰርሰሪያ ጭረት አለ። ዳገት እንድትወጣ ብሎ አንድ ሰው አስፍቶላታል። ያ ሰው ክፉ አስቦ አይመስለኝም፤ ደንበኛው «ደከመች» አለው፣ እሱም ቤንዚን ሰጣት። ልከኛዋን ከሶማሌ ተራ አስመጣሁ፤ ጋሼ ራሳቸው ሄደው ሦስት ሱቅ ዞረው ነው ያገኟት።

በማግስቱ ሽሮ ሜዳን አብረን ወጣን። በሁለተኛ ማርሽ፣ ሳትንቀጠቀጥ። በመስታወት ወደ ኋላ ሳይ ጥቁር ነገር የለም። ጋሼ መንገድ ላይ ስለ ራስ ምታታቸው አወሩኝ፤ ማታ ማታ የሚነሳ፣ ቡና የማያስታግሰው። ሐኪም አይደለሁምና ከዚህ ነው አላልኳቸውም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ሽታም ቀለምም የለውም፤ ከኦክሲጅን ይልቅ ደም ላይ ከ200 ጊዜ በላይ ይጣበቃል። እዚያች ወንበር ላይ ቀኑን ሙሉ፣ የላላ መጋጠሚያ ከእግራቸው ሥር ይዘው፣ ስንት ጊዜ እንደተቀመጡ አሰብኩና መስኮቱን እንዳይዘጉት፣ ሐኪም ዘንድም እንዲሄዱ ለመንኳቸው።

ቪትዝና አዲሶቹ ኮሮላዎች ሲመጡ ሥራው ይለያል፤ የኦክሲጅን ሴንሰር አላቸው፣ ካታላይዘር አላቸው። ካታላይዘሩን ቆርጠው የሸጡት መኪና ከመጣ የምሠራው ተአምር የለም፤ ያልተቆረጠ ከሆነ ግን ከምርመራው በፊት ሩብ ሰዓት በደንብ ተነድቶ መጋል አለበት፤ ከ250 ዲግሪ በታች እንደ ባዶ ቆርቆሮ ነው። ስለ አዲሶቹ ይህን ያህል ይበቃል። ልቤ ያለው አሮጌዎቹ ላይ ነው። የነዳጅ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ፣ ያሉት ገና ለብዙ ዓመት አብረውን ይቆያሉ፤ ጭሳቸውም እንዲሁ።

ጋሼ በዓመቱ ተመልሰው መጡ። ምርመራው ገና ሁለት ሳምንት ይቀረዋል። መኪናዋን በሩ ላይ አቁመው፣ ይህን ጊዜ ሞተሩን አጥፍተው፣ ሳልጠይቃቸው ኮፈኑን ከፈቱ። የዘይት መለኪያውን መዘዙና በጨርቅ ከመጥረጋቸው በፊት ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት።

«ዘይት ዘይት ብቻ ነው የሚሸተው» አሉኝና ለእኔ ሰጡኝ፣ እንዳሸተው።