ስለ አይሮፕላን ማረፊያ መስፋፋትና ስለ በረራ አገልግሎት፤ በባሌ ደጋ ምሳሌነት

በአገራችን አንድ የአይሮፕላን ማረፊያ ሲሠራ ወይም ሲሰፋ የሚነገረው ዜና መልኩ አይለወጥም። መንደርደሪያው ይህን ያህል ሜትር ነው፤ የመንገደኞቹ ማስተናገጃ በአንድ ጊዜ ይህን ያህል ሰው ይይዛል፤ የወጣው ገንዘብ ይህን ያህል ሚሊዮን ብር ነው ይባላል። ሰሚውም ደስ ይለዋል፤ ደስ ሊለውም ይገባል። ነገር ግን አይሮፕላኑ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ፣ በስንት ሰዓት እንደሚነሣ፣ የቲኬቱ ዋጋ የማንን ኪስ አስቦ እንደ ተወሰነ፣ ከማረፊያው የወጣው ሰው ወደ ገጠሩ በምን እንደሚሄድ የሚናገር ጥቂት ነው። ማረፊያውን በጥንቃቄ እናቅዳለን፤ በረራው ግን ራሱ ተከትሎ የሚመጣ ይመስለናል። በዚህ ጽሑፍ ልነቅፈው ያሰብኩት ይህንኑ ልማድ ነው። የባሌ ደጋ ነገሩን ለመመርመር የተመቸ ስለ ሆነ ምሳሌዬን ከሮቤና ከጎባ እወስዳለሁ።

የሮቤ ማረፊያ በዓለም አቀፉ መዝገብ ላይ ዛሬም የሚታወቀው «ጂ ኦ ቢ» በሚሉ ሦስት የላቲን ፊደሎች ነው፤ ይኸውም ከጎባ ስም የተወሰደ ነው። (በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ርቀት 14 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ሲሆን፣ የስሙ ነገር ግን በሻይ ቤት ብዙ ሰዓት ያከራክራል።) ባሌ በ1952 ዓ.ም. ከሐረርጌ ተለይቶ ራሱን የቻለ ጠቅላይ ግዛት ሲሆን መዲናው ጎባ ነበረች። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው ዳኮታ በሚባሉት ባለ ሁለት ሞተር አይሮፕላኖች ነው። ዳኮታ አስፋልት አይጠይቅም፤ የተስተካከለ የሣር ሜዳ ይበቃዋል። ስለዚህ በክረምት መኪና የማይደርስባቸው ብዙ ከተሞች በአየር ይደረስባቸው ነበር፤ ጎባም አንዷ ነበረች። አይሮፕላኑ በአንድ ጉዞ ሁለት ሦስት ከተማ እየነካ ፖስታውን፣ መድኃኒቱን፣ ሹሙንና ነጋዴውን ያደርስ ነበር። ይህን የምጠቅሰው ያለፈውን ዘመን ለማወደስ አይደለም። ገበሬው ዳኮታን ያወቀው ቀና ብሎ በማየት ነው እንጂ ተሳፍሮ አይደለም።

ዳኮታ ከሄደ በኋላ የመጡት አይሮፕላኖች ፈጣኖችና ምቹዎች ሆኑ፤ የሚጠይቁት ሜዳም እንዲሁ በዛ። ይህ በአገር ውስጥ ብቻ የታየ አይደለም። አየር መንገዱ በ1955 ዓ.ም. ቦይንግ 720 የተባሉትን ጄቶች ሲቀበል የልደታ ሜዳ አልበቃ ስላለ ቦሌ ተሠራ። አስቀድሞ የተመረጠው አይሮፕላን ነው፤ ማረፊያው የመጣው በርሱ ልክ ነው። በክፍለ ሀገርም የሆነው ይኸው ነው፤ ልዩነቱ ግን በቦሌ ጄቱ ተጨማሪ መንገደኛ ሲያመጣ፣ በክፍለ ሀገር ትልቁ አይሮፕላን ትንሹን ሜዳ ትቶ አለፈው።

መንደርደሪያ ማስረዘም ከንቱ ነው የሚሉ ጓደኞች አሉኝ፤ በዚህ አልስማማም። ሮቤ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ጎባ ደግሞ ከዚያ ከፍ ትላለች። በዚህ ከፍታ ያለው አየር ከባሕር ዳር አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። አየሩ ሲሳሳ ክንፉ የሚሸከመው ያንሳል፤ ሞተሩም ጉልበቱ ይቀንሳል። ስለዚህ አይሮፕላኑ ከመሬት ለመነሣት ብዙ መሮጥ አለበት፤ ቀትር ላይ አየሩ ሲሞቅ ደግሞ ይብስበታል። ሜዳው አጭር ከሆነ አብራሪው ያለው ምርጫ ጭነት መቀነስ ነው፤ ጭነት ማለትም ወይ ሰው፣ ወይ ዕቃ፣ ወይ ነዳጅ ነው። በ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው የቦሌ መንደርደሪያ 3,800 ሜትር የሚረዝመው ለትልቅነት ሲባል አይደለም። እንግዲህ በሮቤ ለሚጨመር ለእያንዳንዱ መቶ ሜትር ምክንያት አለው። ነገር ግን ይህ ሁሉ አይሮፕላኑ እንዲነሣ የሚያስችል ነው እንጂ በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሚነሣ የሚወስን አይደለም።

አየር መንገዱ ዛሬ ለአገር ውስጥ በረራ በብዛት የሚጠቀምበት ኪው 400 ከ70 በላይ መንገደኛ ይይዛል። ለምሳሌ ያህል አንድ ባለ 78 ወንበር አይሮፕላን ወደ አንድ ከተማ በሳምንት ሦስት ጊዜ ቢበር የሚያቀርበው 234 ወንበር ነው። ይህንኑ ቁጥር በባለ 20 ወንበር አይሮፕላን እናቅርብ ብንል 12 በረራ ያስፈልገናል፤ ይህም ማለት በየቀኑ አንድ፣ በአንዳንዱ ቀንም ሁለት ነው። ወንበሩ እኩል ነው፤ አገልግሎቱ ግን ከቶ እኩል አይደለም። ማክሰኞ ለታመመና አይሮፕላኑ ዓርብ ለሚመጣለት ሰው ከአዲስ አበባ እስከ ሮቤ ያለው ርቀት በአየር 250 ኪሎ ሜትር፣ በመኪና 430 ኪሎ ሜትር መሆኑ ምንም አይጠቅመውም። ለርሱ ርቀቱ ሦስት ቀን ነው፤ በአውቶቡስ ግን አንድ ቀን ብቻ ነው።

ይህን በመረዳት ኖርዌዮች በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1968 ጀምሮ በተራራና በባሕር ለተከፋፈሉት ትናንሽ ከተሞቻቸው 800 ሜትር ብቻ የሆኑ መንደርደሪያዎች ሠሩ፤ በነዚህም ላይ ትዊን ኦተር የሚባለውን፣ 20 ሰው የሚይዘውን አይሮፕላን አበረሩ። በረራው ከቲኬት ሽያጭ ብቻ ስለማይኖር መንግሥት ይደጉመዋል። የእኛም አየር መንገድ በ1970ዎቹ ዓመታት ትዊን ኦተር ገዝቶ ነበርና ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም።

ቢሆንም የኖርዌይን አቀድ እንዳለ መገልበጥ ለባሌ አይሆንም። የነርሱ 800 ሜትር በባሕር ዳር ነው፤ በሮቤ ከፍታ አይበቃም። ከዚህም በላይ በአዲስ አበባና በሮቤ መካከል ጭላሎና ካካን የመሳሰሉ፣ 4,000 ሜትር የሚደርሱ የአርሲ ተራሮች አሉ። ትናንሾቹ አይሮፕላኖች በውስጣቸው አየር ታምቆ ስለማይያዝ ከዚያ በላይ ብዙ ከፍ ብለው ቢበሩ መንገደኛው ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ዝቅ ብለው ቢሄዱ ደግሞ በደመና ቀን ያሰጋል። ሒሳቡም ቀላል አይደለም፤ ሁለት አብራሪ ለ20 ሰውም ለ78 ሰውም ያው ሁለት ነው። ስለዚህ መልሱ በሁለቱ መካከል ያለ መጠን ሊሆን ይችላል። የምነቅፈው ጥያቄው ሳይጠየቅ ሜዳው መለካቱን ነው። ቀድሞ ማረፊያ የሚሠራውና አይሮፕላን የሚያበረው ድርጅት ለየብቻ በነበሩበት ጊዜ አንዱ በሌላው ማሳበብ ይቻል ነበር። የኢትዮጵያ ኤርፖርቶች ድርጅት በ2009 ዓ.ም. ከአየር መንገዱ ጋር ከተጠቃለለ በኋላ ግን ሜዳውንና የበረራውን ሰሌዳ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ማቀድ ይቻላል።

አይሮፕላን ለባሌ ቅንጦት ነው የሚል ክርክርም አለ። የሲናናና የአጋርፋ ስንዴ በአይሮፕላን አይጫንም፤ ይህ እውነት ነው። ስንዴው መኪናና ጥሩ መንገድ ይፈልጋል፤ አንዱን ብር በሁለት ቦታ ማውጣትም አይቻልም። ነገር ግን በሮቤ ዩኒቨርሲቲ፣ በጎባ ትልቅ ሆስፒታል አለ። በ2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበውና ከ500 የማይበልጡት ቀይ ቀበሮዎች ከግማሽ በላይ የሚኖሩበት የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክም ጎረቤት ነው። ለነዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው ሐኪም፣ መምህር፣ መድኃኒትና እንግዳ ክብደቱ ጥቂት፣ ጊዜው ውድ ነው። ብፈራ የምፈራው ለእንግዳው ሲባል የሚታቀደው በረራ ለአገሬው የማይመች እንዳይሆን ነው። ከባሕር ማዶ የሚመጣው ጎብኝ በቦሌ ከሚያርፈው ጄት ጋር የሚገጥም ሰዓት ይፈልጋል። ከሮቤ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ከጊኒር የሚመጣው ሰው ግን በረራው በማለዳ ከሆነ አንድ ሌሊት ሮቤ ማደር አለበት። የአልጋና የራት ሒሳብ በቲኬቱ ላይ ሲደመር አውቶቡሱ ያሸንፋል።

ወቅቱም ሊታሰብበት ይገባል። አዲስ አበባ የተቀመጠ አቃጅ ክረምት ሲል ሰኔንና ነሐሴን ያስባል። በሲናና ደጋ ግን ዝናቡ ሁለት ጊዜ ነው፤ ገና የሚባለው በመጋቢት ጀምሮ እስከ ሐምሌ፣ ቦና የሚባለው ከነሐሴ እስከ ታኅሣሥ ይዘልቃል፤ መከሩም ሁለት ነው። ደመናው መቼ እንደሚወርድ፣ ነጋዴው መቼ እንደሚጓዝ በዚህ ይወሰናል።

ሌላው ነቀፋዬ መንገዱ ሁሉ ወደ አንድ ማዕከል መሰብሰቡ ነው። ባሌ ቀድሞ የሚተዳደረው ከሐረር ነበር። ዛሬ ከሮቤ ወደ ድሬዳዋ በአየር ልሂድ የሚል ሰው፣ ቀጥታው 350 ኪሎ ሜትር የማይሞላ ሲሆን፣ በአዲስ አበባ ዞሮ 600 ያህል ይበራል። በየቀኑ የሚበር ቀጥታ መስመር መንገደኛ እንደማይሞላው አውቃለሁ፤ በሳምንት አንድ ቀን ግን እንደ ዳኮታው ዘመን ከተሞችን እየነካ የሚዞር በረራ መሞከር የሚከለክል ምክንያት አይታየኝም።

ማዕከሉም ራሱ ሊንቀሳቀስ ነው። በቢሾፍቱ አቅራቢያ በ2018 ዓ.ም. የተጀመረው አዲሱ ማረፊያ አራት መንደርደሪያ ኖሮት ሲጠናቀቅ በዓመት 110 ሚሊዮን መንገደኛ እንዲያስተናግድ የታቀደ ነው። ወደ አውሮፓ ለሚሄድ ሰው 40 ኪሎ ሜትር የመኪና መንገድ ቢጨመርበት ብዙ አይደለም። ከጎባ ሆስፒታል ወደ ጥቁር አንበሳ ለተላከ በሽተኛ ግን በረራው ራሱ ከአንድ ሰዓት ያነሰ ስለ ሆነ፣ ከቢሾፍቱ አዲስ አበባ ያለው መንገድ የበረራውን ያህል ጊዜ ይወስድበታል። እንዲህ ዐይነቱ አጭር መስመር በቦሌ ቢቀር ደግሞ ከውጭ የመጣው ጎብኝ ከአንዱ ማረፊያ ወደ ሌላው በመኪና መሻገር ይኖርበታል። ከሁለቱ መንገደኞች ለማን እንደሚታሰብ ሳይወሰን፣ የሮቤ አዳራሽ ለስንት ሰው ይሠራ የሚለውን መገመት አይቻልም።