ውጅግራና እርጥብ ሣር

ሐያሲዎቻችን ግጥም ያነባሉ፤ ልብ ወለድ ያነባሉ፤ ሲመቻቸውም ተውኔት ያያሉ። ዕቃ ማንበብ ግን ገና አልለመድንም። ዕቃ ስል መሶቡን፣ ጋሻውን፣ በርኖሱን ማለቴ ነው። ከሁሉም በላይ ግን ዛሬ ላነሣው ያሰብሁት አሮጌውን ጠመንጃ ነው። በአማርኛ ምን ያህል ፉከራና ቀረርቶ እንደተደረደረለት የሚያውቅ አንባቢ፣ ይህ ዕቃ ከብዙ መጻሕፍት ይልቅ ቋንቋችንን እንደሞላው አይክደኝም። ምን ያህል ሂስ ተጻፈለት ቢባል ግን መልሱ አጭር ነው።

በአውሮፓና በአሜሪካ አሮጌ ጠመንጃ መሰብሰብ ቴምብር እንደ መሰብሰብ ያለ ልማድ ነው። በጥቁር ባሩድ የሚሠራ የመቶ ዓመት ጠመንጃ ይዘው በእረፍት ቀናቸው ከዒላማ ፊት የሚቆሙ፣ ወረቀት በመብሳት የሚወዳደሩ ማኅበርተኞች አሉ። ባለፉት ጥቂት ዓመታት ደግሞ ከኢትዮጵያ የሄዱ ጠመንጃዎች በዚሁ የአሜሪካ ሰብሳቢዎች ገበያ ላይ ቀርበዋል፤ የፈረንሳዩ ውጅግራ፣ የጣሊያኖቹ ቬተርሊና ካርካኖ፣ የእንግሊዙ ማርቲኒ ሄንሪ። ገዢው ዕቃው እጁ ሲገባ መጀመሪያ የሚያደርገው እንደ ብራና ገልጦ ማንበብ ነው። በየትኛው ፋብሪካ፣ በስንት ዓመተ ምሕረት እንደተሠራ ከብረቱ ላይ ይፈልጋል። በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ትእዛዝ ከተሠሩት የቤልጅግ ጠመንጃዎች አንዱ ከደረሰው የይሁዳን አንበሳ ያገኛል። ሰደፉ ተሰብሮ ተጠግኖ እንደሆነ፣ እንጨቱ ላይ የተቀረጸ ምልክት እንዳለ በማጉያ መነጽር ይመረምራል። እኛ የዘፈንለትን ዕቃ እነሱ ያነቡታል። እኔን የሚያስቀናኝም ይኸው ነው።

እስቲ እኛም እናንብብ። ከስሙ እንጀምር። ውጅግራ የምንለው ፈረንሳዮቹ «ፉዚ ግራ» የሚሉት ነው። ሰናድር የእንግሊዙ ስናይደር ነው። ቤልጅግ የመጣበትን አገር ስም ይዞ ቀረ። የአማርኛ ጆሮ ባዕዱን ስም ተቀብሎ፣ አኝኮ፣ ባላገር አደረገው። በዚህም አላበቃም፤ የሚይዘውን ጥይት በጉርሻ ቈጠረውና «አንድ ጎራሽ»፣ «አምስት ጎራሽ» አለው። ጠመንጃ በእኛ ቋንቋ እንደ እንግዳ የሚጎርስ ፍጡር ነው ማለት ነው። ይህን ቃል አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ ጎራሽ ካለ አጉራሽ አለና ወደ እሱ እመለሳለሁ።

እነዚህ ጠመንጃዎች እንዴት መጡ? አንዱ መንገድ ጦርነት ነው። ሰናድር በውጊያ የተፈተነው በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላ ላይ በወጣ ጊዜ ነው። ያ ጦር ሲመለስ ለትግሬው ገዥ ለካሣ ምርጫ፣ ማለትም ለኋላው አጤ ዮሐንስ፣ መሣሪያ ትቶላቸው ሄደ። በ1868 ዓ.ም. ደግሞ በጉንደትና በጉራዕ የግብፅ ጦር ሲሸነፍ ሬሚንግተኖቹ በድል አድራጊው እጅ ገቡ። ሁለተኛው መንገድ ንግድ ነው፤ ይህኛው ከፈረንሳይ ፋብሪካ ውሳኔ ጋር የተያያዘ ነው። ግራ የተባለው ጠመንጃ እ.ኤ.አ. በ1874 የተነደፈ፣ 11 ሚሊ ሜትር እርሳስ የሚተፋ፣ በጥቁር ባሩድ የሚሠራ አንድ ጎራሽ ነው። ሲተኮስ በሚያወጣው ጢስ ተኳሹ ራሱ ይጋረዳል። እ.ኤ.አ. በ1886 ፈረንሳይ ጢስ አልባ ባሩድ የሚጠቀመውን ለበል ስታስታጥቅ፣ ግራዎቹ ባንድ ጊዜ አሮጌ ሆኑ። አውሮፓ የማያስፈልጋት ብረት ገዢ ፈለገ፤ በኦቦክ፣ በታጁራ፣ ኋላም በጅቡቲ በኩል በግመል ተጭኖ ወደ ሸዋ ወጣ።

ከእነዚያ ነጋዴዎች አንዱ አርተር ራምቦ ነበር። በፈረንሳይ ሥነ ግጥም ታሪክ ውስጥ ዛሬም ስሙ የሚነሣው ይህ ሰው፣ ገና በወጣትነቱ ብዕሩን ጥሎ በሐረር የቡናና የቆዳ ነጋዴ ሆኖ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1886 መጨረሻ ከታጁራ ተነሥቶ፣ ወደ 2 ሺህ የሚጠጉ ያረጁ ጠመንጃዎች አስጭኖ በ1887 መጀመሪያ አንኮበር ደረሰ። ምኒልክ ዋጋውን አራክሰው ወሰዱበት፤ እሱም እያማረረ ተመለሰ። ግጥም ትቶ ጠመንጃ የነገደ ገጣሚ! የእኛዎቹ ፎካሪዎች ግን ጠመንጃውን ወስደው ግጥም አደረጉት።

ጥይቷም የራሷ ታሪክ አላት። በዚያ ዘመን ጥይት ከአሞሌና ከማርትሬዛ ብር ጎን ለጎን መገበያያ ነበረች። ገበያ ይዘዋት ይወጣሉ፤ ይመነዝሯታል። ሰው ጥይት ሲተኩስ ገንዘቡን እየተኮሰ ነበር ማለት ነው። እንግዲህ በለቅሶና በሠርግ ወደ ሰማይ የሚተኮሰው ጥይት ለምን ያህል ክብር መግለጫ እንደነበረ ከዚህ መገመት ይቻላል።

አሁን ወደ ጥበቡ ልግባ። ጠመንጃን እጅግ ደጋግሞ ያሳየን ሥዕል የዐድዋ ሥዕል ነው። በአገር ውስጥም በውጭ ሙዚየሞችም ብዙ ቅጂዎች አሉት፤ አደራደሩን ሁላችንም እናውቀዋለን። ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረሱ ከላይ፣ የእኛ ሰዎች ከአንድ ወገን፣ ጣሊያኖቹ ከሌላው ወገን። በሁለቱም ወገን ጠመንጃ ተደግኗል። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ የቆየ ሕግ አለው፤ ጻድቁን ሙሉ ፊቱን አድርጎ በሁለት ዓይኑ ይሥለዋል፤ ክፉውን ከጎን አድርጎ አንድ ዓይኑን ብቻ ያሳያል። በዐድዋ ሥዕልም ኢትዮጵያውያኑ በሁለት ዓይን ያዩናል፤ ወራሪው በአንድ ዓይን ይቀራል።

የእኔ ሂስ ከዚህ ላይ ይጀምራል። ሰዎቹን በሁለት ዓይን የሣለው ጥበባችን ጠመንጃውን ግን በአንድ ዓይን ብቻ ነው የሣለው። በሥዕሉም በፉከራውም አፈሙዙ ሁልጊዜ ወደ ውጭ ነው። ያ ጠመንጃ ከየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በፊትና በኋላ ወዴት ዞሮ እንደነበር የሚያሳይ ሥዕል በየቤቱ ግድግዳ ላይ አላየሁም።

የዞረው ወደ ደቡብም ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ የምኒልክ ጦር የጋሞን ደጋ ሲወጣ፣ ከፊቱ የቆመው ሕዝብ በዋነኛነት የያዘው ጦርና ጋሻ ነበር። ውጅግራው እዚያ አዲስ ቃል ይዞ ገባ። ነፍጥ የያዘው ነፍጠኛ ተባለ፤ ለነፍጠኛውም እንደ ማዕረጉ ገባር ተመደበለት። ገባሩ እህሉን፣ ማሩን፣ ጉልበቱን ያገባል። የገባር ሥርዓት በሕግ የቀረው ከጣሊያን ወረራ በኋላ ነው፤ የጭሰኝነቱ ነገር ግን እስከ የካቲት 1967ቱ የመሬት ዐዋጅ ቆየ። ነፍጠኛ የሚለው ቃል ዛሬ ግማሹ እንደ ስድብ፣ ግማሹ እንደ ማዕረግ ሲወራወረው የምንሰማው፣ ቃሉ የተወለደበትን ዕቃ ቁጭ ብለን ስላላነበብን ይመስለኛል። ዛሬ በሕይወት ያለ ማንም ሰው ያንን ውጅግራ አልተኮሰም፤ ሆኖም የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

እዚህ ላይ አንድ በዕድሜ የሚበልጡኝ የጎጃም ሰው፣ የአባታቸውን ጠመንጃ እንደ ቅርስ የሚያወሱ ወዳጄ፣ ተቈጥተውኛል። ያ ጠመንጃ ባይኖር አንተ ዛሬ በየትኛው ቋንቋ ልትጽፍ ነበር? ብለውኛል። ጥያቄያቸው ከባድ ነው፤ አልሸሸውም። ወደ 100 ሺህ የተጠጋው የዐድዋ ጦር ጦርና ጋሻ ብቻ ይዞ ቢሆን ኖሮ የዚያን ቀን ውሎ እንዲያ ባልሆነ ነበር። ለዚህም ነው ውጅግራውን የሚያዋርድ ጽሑፍ ለመጻፍ የማልፈልገው።

ግን ያ ጠመንጃ በምን ተገዛ? በዝሆን ጥርስ፣ በቡና፣ በወርቅ፣ በዝባድ ተገዛ። የባሪያ ንግድም በዚያ ገበያ ውስጥ ነበረበት። ከዚህ ሀብት አብዛኛው የመጣው ከደቡብና ከምዕራብ ነው። «ጎራሽ» ያልነው ጠመንጃ አጉራሹ ይህ ነበር። ስለዚህ የዐድዋው ጠመንጃና የጋሞው ጠመንጃ ሁለት ጠመንጃ አይደሉም። አንዱን ለመግዛት ሌላው ዘምቷል፤ በሌላው የተገኘው ግብር አንዱን መግቧል። «ያጎረሱት እጅ ይነክሳል» የሚባለው አባባል እዚህ ቃል በቃል ደረሰ። ሁለቱን ዓይን አብሮ የማይሥል ሠዓሊ ጠመንጃውን አልሣለውም።

ወደ አርባ ምንጭ ልውሰዳችሁ። ከሴቻ ሰገነት ላይ ቆሞ ቁልቁል ለሚያይ አባያና ጫሞ ከ«እግዜር ድልድይ» ግራና ቀኝ ተዘርግተው ይታያሉ፤ ከማዶው የነጭ ሣር ሜዳ አለ። አገሩ በሣር የተሰየመ መሆኑ አጋጣሚ ይሁን እንጂ፣ ሣር ለጋሞ ሰው ተራ ነገር አይደለም። በዱቡሻ፣ ማለትም በሕዝቡ መሰብሰቢያ ሜዳ ላይ፣ ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዞ ሲለምን ያንን ረግጦ ማለፍ ነውር ነው፤ ጎሜ ነው። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩና አካባቢው ብዙ የጋሞ ተወላጆች ሲገደሉና ሲፈናቀሉ፣ የአርባ ምንጭ ወጣቶች በቁጣ አደባባይ ወጡ። ቁጣው ወደ በቀል ሊዞር ሲል ሽማግሌዎቹ እርጥብ ሣር ይዘው ከፊታቸው ተንበረከኩ። ወጣቶቹ ቆሙ፤ ተመለሱም።

ይህን ስል ጋሞን ጦር የማያውቅ የዋህ ሕዝብ አድርጌ ለማቅረብ አይደለም። በቀድሞው ዘመን ዴሬ ከዴሬ ይዋጋ ነበር፤ ጀግናም ይከበር ነበር። የሣሩ ሥርዓት የተፈለገውም ጠብ ስለነበረ ነው። ጠብ በሌለበት አገር ማን ሽማግሌ ይንበረከካል?

እንደ ሐያሲ ሁለቱን ምልክቶች ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው ግን አንድ ልዩነት ይታየኛል። ፉከራ የአንድ ሰው ድምፅ ነው፤ ተፎካሪው ራሱን ያወድሳል፣ ጠመንጃውም የማያውቀውን ሰው ከሩቅ ያገኛል። ሣር ከሩቅ አይሠራም። ያዢው ፊት ለፊት መቆም አለበት፤ የሚመጣበትም ሰው የሣሩን ቋንቋ ማወቅ አለበት። አንዱ አድማጭ አያስፈልገውም፤ ሌላው ያለ አድማጭ ከንቱ ሣር ነው። ሥነ ጽሑፋችን ለመጀመሪያው የቃላት ጎተራ ሠርቶለታል። ለሁለተኛው በአማርኛ ያለን ቃል ጥቂት ነው። በ2013 ዓ.ም. በሰሜን ጦርነት ሲነሣ አፋችን ላይ ቀድሞ የመጣው ቀረርቶ የሆነው ለዚህ ይመስለኛል። ሰው የሚናገረው ባለው ቃል ነውና።

ታዲያ ምን ይሁን? ጠመንጃ ማን እንዲይዝና እንዳይዝ የሚወስን ሕግ አለ፤ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር ዐዋጅ ቁጥር 1177/2012። ያ የሕግ አስከባሪው ሥራ ነው። የእኛ ሥራ ትርጉሙ ነው። ባየኋቸው የማሳያ ሳጥኖች ውስጥ አሮጌ ጠመንጃ ተጋድሞ፣ ከሥሩ «ጥንታዊ ጠመንጃ» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። ይህ ማንበብ አይደለም፤ ስም መጥራት እንኳ አይደለም። እኔ ብጠየቅ እንዲህ ብዬ እጽፍበት ነበር፦

«ውጅግራ። እ.ኤ.አ. በ1874 በፈረንሳይ የተነደፈ። አንድ ጎራሽ። ዐድዋ ላይ አገር ጠብቋል። በጋሞ ደጋ ገባር አስገብቷል። የተገዛበት ሀብት አብዛኛው ከደቡብና ከምዕራብ መጣ።»

ከአጠገቡም፣ እዚያው ሳጥን ውስጥ፣ አንድ ጭብጥ ሣር አኖር ነበር። ሣሩ ስለሚደርቅ በየሳምንቱ የሚለውጠው ሰው ያስፈልጋል። ደግ ነው፤ ጠመንጃውም ቢሆን ዘይት የሚቀባው ሰው ያስፈልገዋል።

ቤታችሁ ወይም የዘመድ ቤት የአባት ጠመንጃ ያላችሁ አንባቢያን፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ሳይሸጥ፣ ሳይወረስ፣ ሳይዝግ፣ ብረቱ ላይ ያለውን ጽሑፍ ገልብጣችሁ አስቀምጡ። ከዚያ በዕድሜ የገፉትን ጠይቁ፤ የት ዘመተ? ማንን ጠበቀ? ብላችሁ ብቻ አታቁሙ። ማንን አስገበረ? ብላችሁም ጠይቁ። ሁለተኛውን ጥያቄ ስትጠይቁ ዝምታ ካጋጠማችሁ፣ ዝምታውንም ጻፉት።