ሁለት ኩንታል ብረት በሁለት ጣት!

ስሙኝማ! ካለፈው ዓርብ ወዲህ እኔ እኔ አይደለሁም! ዓይኔን ስጨፍን አቧራ ይታየኛል። እንደ በሶ ዱቄት የላመ፣ የጠዋት ፀሐይ የመታው፣ ወርቅ የመሰለ አቧራ! ቢሮ ቁጭ ብዬ ቀኝ እጄ ነዳጅ ይሰጣል። ታክሲ ውስጥ ጉልበቴ የሌለ ታንክ ይጨብጣል። ጓደኞቼ «ፍቅር ያዘሽ እንዴ?» ይሉኛል። አዎ፣ ያዘኝ! ከባድ ሞተር ሳይክል ከአስፋልት አውርዶ መንዳት ተማርኩ! ያውም እዚሁ ጅቡቲ!

አዎ፣ ጅቡቲ! ወደብና ሙቀት ብቻ የምትመስላችሁ ጅቡቲ! እኔም እንደዚያ ትመስለኝ ነበር። ከምኒልክ አደባባይ ባልባላ፣ ከባልባላ ፔካ ዱዝ። ከዚያ ወዲያ ያለው የከባድ መኪና ሾፌሮች አገር ነው ብዬ ተቀምጬ ነበር። ለካ ከተማዋ ጓሮዋ ውስጥ የደበቀችው ጉድ አለ! ሸክላ ሜዳ አለ! ጥቁር ጠጠር አለ! አሸዋ የሞላበት ደረቅ ወንዝ አለ! አንድ ተማሪ የሚያስፈልገው መሬት ሁሉ በአንድ ጠዋት መንገድ ውስጥ ተደርድሮ ይጠብቃል!

ሞተሩን ላስተዋውቃችሁ። ሆንዳ አፍሪካ ትዊን! 998 ሲሲ! የፊት ጎማው 21 ኢንች፣ የኋላው 18። ቤንዚኑን ጠጥቶ ሲጠግብ ክብደቱ ከ230 ኪሎ ያልፋል። ሁለት ኩንታል ጤፍ ከነሠላሳ ኪሎ ምርቃቱ ማለት ነው! እኔ ደግሞ 54 ኪሎ ነኝ። አራት እኔን ያህላል! አስፋልት ላይ ቅቤ ነው፣ ይንሳፈፋል። ከአስፋልት ሲወርድ ግን ሌላ ፍጡር ይሆናል። ያ ሌላ ፍጡር ነው ልቤን የወሰደው!

አስተማሪዬ ስልሳን የተሻገሩ የድሬዳዋ ሰው ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሞተር ሲፈቱና ሲገጥሙ የኖሩ መካኒክ። ጋሼ እላቸዋለሁ። የመጀመሪያውን ቀን ናጋድ ባቡር ጣቢያ አቅጣጫ ወዳለ ባዶ ሜዳ ወሰዱኝ። የመጀመሪያው ትምህርት ምን መሰላችሁ? መንዳት አይደለም! መነሣትም አይደለም! ያንን የሚያህል ሞተር ቀስ አድርገው መሬት ላይ አጋደሙትና «በይ የኔ ልጅ፣ አንሺው» አሉኝ።

«ጋሼ፣ እኔ? ብቻዬን?»

«ብቻሽን! በክንድሽ ግን እንዳትሞክሪ። ዞር በይና ጀርባሽን ስጪው።»

ጀርባዬን ሰጠሁት! መሪውን ወደ መሬቱ በኩል እስከ መጨረሻው አዞርኩ። ማርሽ ውስጥ መሆኑን አየሁ። ቁጢጥ ብዬ ዳሌዬን ኮርቻው ላይ አስደገፍኩ። አንድ እጅ መሪው ጫፍ፣ አንድ እጅ ከኋላ ያለው መያዣ ላይ። ወገብ ቀጥ! ከዚያ በእግሬ ብቻ፣ ጠብ ጠብ እያልኩ፣ ትንንሽ እርምጃ ወደ ኋላ። አንድ። ሁለት። ሦስት። ኧረ ተነሣ! ተነሣ እኮ! ያ ሁሉ ብረት ከጀርባዬ ቀና ሲል የተሰማኝን እንዴት ልንገራችሁ! ጮኽኩ! ጋሼ ሳቁ። «አሁን ምን ትፈሪያለሽ?» አሉኝ። ምንም! በቃ፣ ምንም! የወደቀውን የማነሣ ከሆነ መውደቅ ምኑ ያስፈራል! ያን ዕለት አሥራ አንድ ጊዜ አነሣሁት። ሁለቱን ጊዜ ብቻ ነው ጋሼ ያጋደሙት፤ ዘጠኙን እኔው ራሴ በየኩርባው ጥዬዋለሁ። እያንዳንዷን ውድቀት ወደድኳት!

ከዚያ መቆም መጣ። መቆም! መርገጫው ላይ ብድግ ብሎ መቆም! ቁጭ ብላችሁ ኮረኮንች ላይ ስትነዱ ያ ክብደት ሁሉ አከርካሪያችሁን ይወቅጠዋል። ስትቆሙ ግን ሞተሩ ከሥራችሁ ይፈታል። እሱ ይዘላል፣ እናንተ ትንሳፈፋላችሁ! ጉልበት ታንኩን ቀለል አድርጎ ይይዛል፣ ክርን ወደ ውጭ ይከፈታል፣ ጣት ይላላል። ሁለት ጣት ፍሪሲዮን ላይ፣ ሁለት ጣት ፍሬን ላይ። ሁለት ኩንታል ብረት በሁለት ጣት! እናቴ ትሙት፣ ጉልበት የሚባል ነገር እዚህ ቦታ የለውም!

ዓይን ደግሞ! የዓይን ነገር እኮ ተአምር ነው! «ዓይንሽ የሄደበት ሞተሩ ይሄዳል» ይላሉ ጋሼ። ድንጋዩን አየሁት፤ ድንጋዩ ላይ ሄድኩ። ከድንጋዩ ማዶ ያለችውን ግራር አየሁ፤ ሞተሩ ድንጋዩን አልፎ ወደ ግራሯ ሄደ! መሪውን ማን አዞረው? እኔ አላዞርኩም! አገጬ ብቻ ነው የዞረው! አሥር ጊዜ ሞከርኩት፤ አሥሩንም ጊዜ ሠራ!

ቀስ ብሎ መዞር ደግሞ አለ። ግማሽ ፍሪሲዮን፣ ትንሽ ነዳጅ፣ በቀኝ እግር የኋላ ፍሬን ነካ። ሞተሩን ወደ ውስጥ ታጋድሙታላችሁ፣ ራሳችሁ ወደ ውጭ ትወጣላችሁ። እሱ በአንድ በኩል፣ እናንተ በሌላ በኩል፤ ሚዛኑ መሀል ላይ ይንጠለጠላል። ሚኒባስ የማይዞርበት ቦታ ላይ 8 ቁጥር ጻፍኩ! ድምፁ ደግሞ፣ ዱፍ ዱፍ ዱፍ፣ ልክ ተኝቶ እንደሚያንኮራፋ አንበሳ! ፍጥነት አይደለም ያሰከረኝ። ዝግታ ነው! እንዲህ ያለ ግዙፍ ነገር በእግር ከሚሄድ ሰው ቀስ ብሎ፣ ሳይንገዳገድ፣ በእኔ እጅ!

አሁን ግራን ባራን ልንገራችሁ። ኧረ ግራን ባራ!

ዓርብ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሣን። ፔካ ዱዝን አለፍን፣ ዌአን አለፍን። ይህ መንገድ እኮ የእኛ መንገድ ነው! ከወደቡ ተነሥቶ በጋላፊ በኩል ኢትዮጵያ የሚገባው። የአገሬ ታርጋ ያለው ተሳቢ በተሳቢ ላይ ተሰልፏል። ያኔ ገና ፀሐይ ብቅ ስትል ኮረብታው ዘወር አለና... ሜዳ! ድሮ ሐይቅ የነበረ፣ ደርቆ የተሰነጣጠቀ፣ እንደ ምጣድ የተለሰነ ሸክላ! ዛፍ የለ፣ ድንጋይ የለ፣ ጉድጓድ የለ። በዓመት አንዴ 15 ኪሎ ሜትር ሩጫ የሚሮጥበት፣ ፈረንጆች ባለ ጎማ ጀልባ በሸራ እያስነፈሱ የሚንሸራተቱበት ሜዳ ነው። ራቅ ብሎ ሚዳቋዎች ቆመው ያዩናል። ከአድማሱ ላይ ውኃ ያለ ይመስላል፤ ስንጠጋው ይሸሻል።

ጋሼ ጎማውን አስተነፈሱ። የኋላውን ከ2.5 ባር ወደ 1.5 አወረዱት። ጎማው ሆዱን ለጠጠና መሬቱን እንደ መዳፍ ያዘ። ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚከለክለውን የኋላውን ኤቢኤስ በአንድ ቁልፍ አጠፉት። «ሂጂ፤ ከዚያ የኋላውን ፍሬን ረግጠሽ አትልቀቂ» አሉኝ። ሄድኩ! ረገጥኩ! ጅራቱ ሸርተት! ወደ ግራ! ወደ ቀኝ! እኔ ቆሜያለሁ፣ አድማሱን አያለሁ፣ ሞተሩ ከሥሬ እንደ ዓሣ ይገላበጣል! ሸክላው ላይ ረጅም የተጠማዘዘ ጥቁር መስመር ጻፍኩ። ወርጄ በጣቴ ዳሰስኩት፤ ይሞቃል! የእኔ ጽሑፍ! ከዚያ የፊቱን ፍሬን በሁለት ጣት፣ እንደ ብርቱካን ጭማቂ ቀስ ብዬ መጭመቅ ተማርኩ። አቧራ ላይ የፊት ፍሬን አይነካም ሲባል ነበር የሰማሁት። ይነካል! እንዲያውም ከሁሉ በላይ የሚያቆማችሁ እሱ ነው!

ዳር ላይ አንድ ተሳቢ ቆሟል። ሾፌሩና ረዳቱ በጥላው ሥር ቡና አፍልተዋል። ሄልሜቴን ሳወልቅ ረዳቱ ብድግ አለ። «ውይ! ሴት ናት! የአገሬ ልጅ ናት!» ሲኒ አቀበለኝ። ከዚያ የሚጣፍጥ ቡና በሕይወቴ ጠጥቼ አላውቅም! ሾፌሩ መስመሬን እያየ «እኔ በዚህ መንገድ ስመላለስ ሃያ ዓመቴ፤ አንድ ቀን ከአስፋልቱ ወርጄ ሜዳውን ረግጬው አላውቅም» አለኝ። ወዲያው ጫማውን አውልቆ ሸክላው ላይ ሄደ!

የዚህ ዓይነት ሞተር ታሪክ ደግሞ አስጨፈረኝ! አስፋልቱንም ፒስታውንም የሚችል ትልቅ ሞተር ሳይክል ዘመኑ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው፤ ቢኤምደብሊው አር 80 ጂ ኤስን ያወጣ ጊዜ። በማግስቱ ዓመት፣ በ1981፣ ያ ከባድ ነው የተባለ ሞተር የፓሪስ ዳካርን ውድድር አሸነፈ። ነጂው ማን ነበር? ፈረንሳዊው ኡበር ኦሪዮል! የት ተወለደ? አዲስ አበባ! በ1952 አዲስ አበባ! ቅጽል ስሙም «አፍሪካዊው» ነበር! በ1983 ደገመው፤ በ1992 ደግሞ በመኪና አሸንፎ ውድድሩን በሁለቱም በማሸነፍ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ይህን ስሰማ አልቻልኩም፣ ከመቀመጫዬ ተነሣሁ! ሆንዳም ከ1986 እስከ 1989 አራት ዓመት በተከታታይ ያንኑ ውድድር አሸነፈ፤ በመሀሉም በ1988 አፍሪካ ትዊንን ለገበያ አወጣ። ስሟን ከአህጉራችን የወሰደች ሞተር! አፈራችን ላይ ሳትነዳ ብትቀር ነበር የሚገርመኝ!

አሸዋው ግን፣ አሸዋው ሌላ ነው። በደረቁ ወንዝ ውስጥ ገባሁ። የፊት ጎማው መወዛወዝ ጀመረ፤ እጄ ሊያንቀው ሲል ጋሼ ከዳር ጮኹ። «ተዪው! ይወዛወዝ! ወደ ኋላ ሁኚ! ነዳጅ ስጪ!» ሰጠሁ! ወገቤን ወደ ኋላ ጣልኩ፣ እጄን አላላሁ፣ ነዳጁን ሳልቆርጥ ያዝኩ። ጎማው እንደ ታንኳ ብድግ አለ፣ አሸዋው ላይ ተንሳፈፈ! ወንዙን ከዳር እስከ ዳር ተሻገርኩት! ዞሬ እንደገና! ዞሬ እንደገና! ላቤ በዓይኔ ይወርዳል፣ አፌ ጨው ጨው ይላል፣ ጭኔ ይንቀጠቀጣል፣ ፈገግታዬ ሄልሜቱን ሊሰነጥቀው ነው!

ማጠናቀቂያዬ አሳል ሐይቅ ሆነ። በጉቤት ባሕረ ሰላጤ በኩል፣ እ.ኤ.አ. በ1978 የአርዱኮባ እሳተ ገሞራ የተፋው ጥቁር አለት ባለበት አገር። አለቱ እንደ ተጋገረ ከሰል ነው፤ ጎማ ሥር ሲሰበር እንደ ብርጭቆ ይጮኻል። ከአስፋልቱ ወርጄ በጠጠሩ መንገድ ቆሜ ነዳሁ፤ ጉልበት ላላ፣ ክርን ክፍት፣ ዓይን ሩቅ። ከዚያ ከታች ነጭና ሰማያዊ ነገር አበራ። ጨው! ከባሕር ጠለል 155 ሜትር ዝቅ ብሎ፣ የአፍሪካ ዝቅተኛው ቦታ! ሞተሩን ዳር አቆምኩ፣ ጓንቴን አወለቅኩ፣ ጨው ቆንጥሬ ቀመስኩ። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ቲክ ቲክ ይላል። ሌላ ድምፅ የለም። ጋሼ ትከሻዬን መታ አደረጉና «አሁን ነጂ ነሽ» አሉኝ። አለቀስኩ!

እባካችሁ ሞክሩት! ዶቅዶቄ ነክታችሁ የማታውቁ ጭምር! አስፋልት ላይ ዓመታት የነዳችሁ፣ እናንተማ ዛሬውኑ! ሴቶች፣ በተለይ እናንተ! ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ወርቅ ነው፤ ነፋሱ ልስልስ፣ ጠዋቱ አሪፍ። ረጅም ቦት ጫማ፣ ሄልሜት፣ ጓንት፣ ውኃ በገፍ። ግራን ባራ ክፍያ የለው፣ በር የለው። ጋሼ በየሳምንቱ ዓርብ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ፔካ ዱዝ ላይ ናቸው፤ እኔም ከጎናቸው ነኝ። ኑ!