የመሥሪያ ቤት የውስጥ ድረ ገጾች አሰያየም፦ መልካም ሥራ በምን ይታወቃል?

በደብረ ታቦርም ሆነ በሌሎች የደቡብ ጎንደር ከተሞች በሚገኝ መሥሪያ ቤት ውስጥ የመዝገብ ቤት፣ የፋይናንስና የሰው ሀብት ሥራ የሚሠራባቸው የውስጥ ድረ ገጾች፣ ማለትም ከግቢው ኔትወርክ ውጭ የማይከፈቱ ገጾች፣ ካሉ፣ ሠራተኛው 192.168.1.20ን የመሰለ የአድራሻ ቁጥር በወረቀት ጽፎ ኮምፒውተሩ ጥግ ላይ መለጠፉ ሥራው ገና አለመጠናቀቁን ያሳያል። ስምን ወደ ቁጥር አድራሻ የሚፈታው ዲኤንኤስ የተባለው ሥርዓት ፖል ሞካፔትሪስ እ.ኤ.አ. በ1983 የነደፈው ሲሆን፣ ከዚያ በፊት ስሞች ሁሉ በአንድ የጋራ ፋይል ተመዝግበው ለየተቋሙ ይገለበጡ ነበር፤ ዛሬም በየኮምፒውተሩ ሆስትስ የተባለውን ፋይል በእጁ የሚሞላ ባለሙያ፣ ገጹን የያዘው ሰርቨር አድራሻ በለወጠ ቁጥር ከቢሮ ቢሮ መዞር ይጠብቀዋል።

በመጀመሪያ የሚመዘነው ስሙ ነው። ሰርቨሮችን ጉና፣ ጋፋት ወይም ዋንዛዬ ብሎ በአካባቢው ቦታዎች ስም መሰየም ለባለሙያዎቹ ይመቻል፤ ደመወዝ የምትሠራው ሠራተኛ ግን የምትፈልገው የደመወዙን ገጽ ስለሆነ፣ ገጹ በሥራው ሊጠራ ይገባዋል፤ ማሽኑ ሲለወጥም ስሙ ሳይነካ ከኋላው ያለው ቁጥር ብቻ ይቀየራል። እዚህ ላይ የፊደል ጉዳይ ከባድ ነው። አማርኛ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ወጥ አጻጻፍ ስለሌለው፣ ገቢና ግቢ በአንድ ዓይነት ፊደላት ሊጻፉ ይችላሉ፤ በግእዝ ፊደል ቢሰየምም ማኅደርን በኀ፣ በሐ እና በሀ የሚጽፉ ሦስት ሠራተኞች ለኮምፒውተሩ ሦስት የተለያዩ ስሞች ሰጡት ማለት ነው። ብልህ ባለሙያ ይህን አስቀድሞ አስቦ፣ የተለመዱትን አጻጻፎች ሁሉ ወደ አንዱ ገጽ የሚመሩ ተለዋጭ ስሞች አድርጎ ያስገባቸዋል፤ ከዚህ የበለጠ ለተጠቃሚው መጨነቅን የሚያሳይ ሥራ በዚህ ሙያ ውስጥ ጥቂት ነው።

የስሙን መጨረሻ በተመለከተ፣ «ሎካል» የሚለው መሣሪያዎች ያለ ስም ፈቺ ሰርቨር እርስ በርስ ለሚፈላለጉበት ሌላ ዘዴ የተያዘ በመሆኑ ግጭት ያመጣል፤ የዓለምን የኢንተርኔት ስሞች የሚያስተባብረው አይካን እ.ኤ.አ. በ2024 ለግል ኔትወርኮች የከለለው «ኢንተርናል» ይመረጣል።

ዋናው ፈተና የውጭው መስመር ሲቋረጥ ነው። መዛኙ ወደ ውጭ የሚወጣውን ኬብል ከራውተሩ ነቅሎ፣ ገጹን በዚያ ቀን ባልከፈተ ኮምፒውተር ላይ ስሙን ይጻፍ፤ ስም ፈቺው ሰርቨር ግቢው ውስጥ ከሆነ ገጹ ይከፈታል፣ ኮምፒውተሩ የሚጠይቀው የውጭ ሰርቨር ከሆነ ግን በሚቀጥለው ክፍል ያለው ሰርቨር እንኳ በስሙ ሊገኝ አይችልም። ከዚህም የረቀቀው ስህተት ለጥንቃቄ ተብሎ የውጭ ሰርቨርን በሁለተኛ ተራ ማስገባት ነው፤ ኮምፒውተሩ የመጀመሪያው ትንሽ ሲዘገይበት ሁለተኛውን ይጠይቃል፣ እሱም የግቢውን ስም ስለማያውቅ «የለም» ብሎ ይመልሳል፣ ገጹም ጠዋት ተከፍቶ ከሰዓት ይጠፋል። ሁለተኛ ሰርቨር ካስፈለገ እሱም ግቢው ውስጥ ይተከላል። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ሰርቨሩ ሌላ ቁጥር ይዞ እንዳይነሣ አድራሻው በቋሚነት የተያዘለት መሆኑም በዚያው ጊዜ ይጣራል።