የት እንደሚወጣ የሚያውቅ ሯጭ

የማራቶን አሠልጣኝ ነኝ። ከውጭ የሚመጡ እንግዶች ከሁሉ አስቀድመው የሚጠይቁኝ ስለ ደማችን፣ ስለ እግራችን ቅጥነትና ስለ አገራችን ከፍታ ነው። ከፍታው ይጠቅመናል፤ አልክድም። ግን በአንዲስ ተራሮችና በቲቤት ከእኛም በላይ ከፍ ብለው የሚኖሩ ሕዝቦች አሉ፤ በማራቶን እንደ እኛና እንደ ኬንያውያን አልገነኑም። «ጥቁሮች ሲፈጠሩ ሯጮች ናቸው» የሚለው ንግግር የሚያሳዝነኝ፣ ሯጩ ያሰበውንና የታገሠውን ሁሉ ከእጁ ስለሚወስድበት ነው።

አበበ ቢቂላ ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ የኦሊምፒክ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሲያሸንፍ ዓለም ባዶ እግሩን አየ። እኔ ለማሠለጥናቸው ልጆች የምነግራቸው ግን ከዚያ በፊት ስለተሠራው ሥራ ነው። እሱና ስዊድናዊው አሠልጣኙ ኦኒ ኒስካነን መንገዱን ቀድመው አጥንተውታል። የፋሺስት ጦር ዘርፎ የወሰደው የአክሱም ሐውልት የቆመው ውድድሩ ሊያበቃ ጥቂት ሲቀር በሚታለፍበት ስፍራ ነበር፤ ከሐውልቱ ቀጥሎም መጠነኛ ዳገት አለ። ከተፎካካሪዎቹ ተነጥሎ የሚወጣበት ስፍራ እዚያ እንዲሆን ወሰኑ። አበበ ከሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም ጎን ለጎን ብዙ ኪሎ ሜትር ሮጠ፤ ጉልበት እያለው አልቸኮለም። ሐውልቱ ጋ ሲደርስ ወጣ፤ በ25 ሰከንድ ቀድሞ ገባ። ያን ያህል ርቀት ጎኑ ካለ ተፎካካሪ ጋር እየሮጡ ራስን መያዝ በደም አይወረስም።

በእኛ ሥራ ለማስተማር የሚከብደውም ይኸው ነው። ጉልበት የሞላው ልጅ እንጦጦ ጫካ ሲገባ ሁሉንም ጥሎ መሄድ ያምረዋል። ከኋላ አስገባዋለሁ፤ የመሪውን እግር እየተከተለ፣ በባሕር ዛፉ መካከል እየተጠማዘዘ፣ ትንፋሹን ጠብቆ ይሮጣል። በኢዚ (በቀላል ሩጫ) ቀን የሚሽቀዳደም ልጅ አስፋልት ስንወጣ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ያኔ ምክሬን ይሰማል። መምራቱም በተራ ነው፤ ዛሬ ከፊት ሆኖ ነፋሱን የተቀበለ ነገ በሌላው ጀርባ ያርፋል። ኮረኮንቹንና ዳገቱን በየትኛው ቀን እንደምሰጥ የምወስነው የልጁን ኮንዲሽን አይቼ ነው፤ ፊቱን፣ እርምጃውን፣ ቁርስ ላይ ያለውን ዝምታ ሳይቀር።

ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. በፓሪስ ኦሊምፒክ ማራቶን ታምራት ቶላም ይህንኑ ትዕግሥት አሳይቷል። የተጎዳውን ሲሳይ ለማን ተክቶ የገባ ተጠባባቂ ነበር። የተጠራው ውድድሩ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀረው ነው፤ በሁለት ሳምንት ደግሞ የማራቶን ብቃት አይሠራም። እንደሚሮጥ ሳያውቅ ሲዘጋጅ ከርሟል ማለት ነው። በ28ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ፣ ሌላው በሚፈራው ቀጥ ያለ ዳገት ላይ ተነጥሎ በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ በመግባት የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ሰበረ።

የስፖርት ጋዜጠኞቻችንን አንድ ነገር እለምናለሁ። አሸናፊው ማይክራፎናችሁ ፊት ሲቆም «ምን ተሰማህ?» ብላችሁ አትልቀቁት። የት ለመውጣት እንዳሰበ፣ እስከዚያ ድረስ ለምን እንደታገሠ፣ ከማን ጋር እንደተዘጋጀ ጠይቁት።