እንጨት የሌለው መጽሐፍ

ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ፣ ራስ ተፈሪ ቤት በሚባለው ባለ ፎቅ አሮጌ ቤት የሚገኘውን የሸሪፍ ሙዚየም የሚጎበኝ ሰው መጀመሪያ የሚሳበው ወደ ጎራዴውና ወደ ብር ጌጡ ነው። ዐረብኛ ባያነብም እንኳ፣ ከእጅ ጽሑፎቹ ፊት ረዘም አድርጎ ቢቆም ይሻለዋል።

የግእዝ መጽሐፍ ለለመደ ዓይን የሐረር ጥራዝ እንግዳ ነው። የኛው ብራና በሁለት የእንጨት ገበታ መሐል ይቀመጣል፤ ገበታው ቆዳ ይለብሳል፣ ቆዳው በጋለ ብረት ይደጎሳል፣ መጽሐፉም ማኅደር ይገባል። የሐረር ጠራዥ እንጨት አይፈልግም። ወረቀት በወረቀት ላይ ለጥፎ ያደነድንና እሱኑ ቆዳ ያለብሰዋል። ሽፋኑ ከገጹ ጠርዝ ጋር እኩል ነው፤ እንደ ዛሬው መጽሐፍ አልፎ አይወጣም። ከኋላው ሽፋን ጋር ጫፉ የሾለ ምላስ ተያይዟል። ይህ ሲታጠፍ የገጾቹን አፍ ይሸፍንና ከፊተኛው ሽፋን ሥር ይገባል። ማኅደሩ ከመጽሐፉ ጋር አብሮ የተሰፋ ያህል ነው፤ አቧራም የሚገባበት ጥቂት ነው። በብዙዎቹ ሽፋን መሐል ደግሞ የለውዝ ቅርጽ ያለው ጌጥ ታትሟል። ጣት ሲነካው እንጂ ከሩቅ የማይጮህ፣ ቆዳውን ወደ ውስጥ በመጫን ብቻ የተገኘ ውበት ነው።

ጀርባው ላይ ግን ዘመድ ይገኛል። ቅጠሎቹን የሚያያይዘው ክር እንደ ሰንሰለት እየተቆለፈ ይሄዳል፤ የደብር ጠራዥም የሚሰፋው የዚህኑ ስፌት ወንድም ነው። ቋንቋውና ሃይማኖቱ የተለያየ፣ የእጁ ልማድ ግን የተቀራረበ ነው።

እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በ1847 ዓ.ም. 10 ቀን ያህል ሐረር ቆይቶ ስለ ከተማዋ ብዙ መራራ ነገር ጽፏል። የመጽሐፍ ጥረዛዋን ግን ከምሥራቁ ዓለም ምርጦች ተርታ አስቀምጦታል። ከማያሞግስ ሰው የወጣ ሙገሳ ስለሆነ እኔ ከሌሎች ምስክርነቶች አስበልጬ አምነዋለሁ።

ያ ሙያ ሊጠፋ ደርሶ ነበር። አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ በ1980ዎቹ ቅርስ መሰብሰብ ሲጀምሩ መንግሥት አልላካቸውም፤ በገዛ ገንዘባቸው ገዙ፣ ሙዚየሙንም መጀመሪያ በመኖሪያ ቤታቸው ከፈቱት። እያደር ሕዝቡ ራሱ ከየሣጥኑ እያወጣ ያመጣላቸው ጀመር። ዛሬ የእጅ ጽሑፎቹ ከ1,000 ይበልጣሉ። እኔን ይበልጥ የሚደንቀኝ ግን ብዛቱ አይደለም። በጥረዛ ከታወቀ የሐረር ቤተሰብ ሙያውን ከተማረ የመጨረሻ ደቀ መዝሙር ዘንድ ቁጭ ብለው መጠረዝን ተማሩ፤ በአዲስ አበባና በሞሮኮም የጥገና ሥልጠና ወስደዋል። ሰብሳቢ ብዙ አለ፤ የሰበሰበውን ለመጠገን በጉልምስናው ተማሪ የሚሆን ግን ስንት ነው?

ጥገና ደግሞ ከአዲስ ሥራ ይከብዳል። ከድሮው የሐረር ወረቀት ብዙው ከጣሊያን በባሕር የመጣ ነው፤ ገጹን ወደ ብርሃን ቢያነሡት ሦስት ጨረቃዎች ተደርድረው የሚታዩበት አለ። ምስጥ የበላውን እንዲህ ያለ ቅጠል የሚደፍን ሰው ከገጹ የወፈረ ወረቀት ከለጠፈበት፣ ገጹ ሲገለጥ በልጥፉ ዳር ይሰበራል። የጎደለውን ፊደል በራሱ እጅ ከሞላ ደግሞ ጸሐፊውን ዋሸበት። ስለዚህ ጥሩ ጠጋኝ ቀዳዳውን ይዘጋል እንጂ አይደብቅም፤ ማጣበቂያውንም ነገ ሌላ ሰው በውኃ ሊያላቅቀው የሚችል ያደርገዋል።

ይህን ሳስብ አቃቂ ትዝ ትለኛለች። የባቡር ጣቢያና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ያሳደጓት ሰፈር ናት። የሠራተኛ መታወቂያው፣ የደመወዝ ወረቀቱ፣ የማኅበር ፎቶግራፉ በየቤቱ ቁም ሣጥን ውስጥ እርጥበት እየጠጣ ይሆናል። በጎ ፈቃደኞች ተሰባስበው የሰፈሩን ሙዚየም እንሥራ ቢሉ ንግግሩ ከአዳራሹ ይጀምር ነበር፤ ቦታ፣ ቆርቆሮ፣ ሪባን። እኔ ብጠየቅ ከመካከላቸው ሁለት ወጣቶች መርጬ ወረቀት መጠገን እንዲማሩ ሐረር እልክ ነበር።

አንድ ቅሬታ አለኝ፣ እሱም በየትኛውም ሙዚየም ላይ ነው። መጽሐፍ ሲታይ ፊቱን ሰጥቶ ነው፤ ስፌቱ ያለበት ጀርባ ግን ለግድግዳው ይቀራል። ከኋላው ትንሽ መስታወት ቢቆም ያ የክር ሰንሰለት ለጎብኚው ሁሉ ይታያል።