የቀረችው ሚስት ምስክርነት፦ ስለ ላክሽሚባይ ቲላክ «ስምሪቲ ቺትሬ»

ጌታን በማግኘቱ ከቤት የተባረረ ሰው የሚናገረውን ምስክርነት ብዙ ጊዜ ሰምተናል፤ «አሜን» ብለናል። በዚያው ቀን እቤት የቀረችው ሚስት ወይም እናት ምን እንደ ተሰማት ግን እምብዛም አንጠይቅም። በምዕራብ ሕንድ በሚነገረው በማራቲ ቋንቋ የተጻፈው «ስምሪቲ ቺትሬ» ታሪኩን ከእርሷ ወገን ሆኖ ይነግረናል። ስሙ «የትዝታ ሥዕሎች» ማለት ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1934 ጀምሮ በተለያዩ ክፍሎች ታትሟል።

በማራቲ ክርስቲያኖች ዘንድ ይበልጥ የሚታወቀው የባሏ የናራያን ቫማን ቲላክ ስም ነው። ባለቅኔ ነበር፤ መዝሙሮቹን ከባዕድ አገር ዜማ ሳይዋስ በገዛ ሕዝቡ የመዝሙር ስልት ጽፏል። በ1893 በባቡር ሲጓዝ አንድ የውጭ አገር ሰው አዲስ ኪዳን ሰጠው፤ በ1895 ቦምቤይ ውስጥ ተጠመቀ። የእርሱ ታሪክ ሲተረክ አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ «ሃሌ ሉያ» ይባላል። ላክሽሚባይ ግን ከዚያ በኋላ በቤቷ የሆነውን ትነግረናለች።

በ1868 ከብራህሚን ቤተ ሰብ ተወለደች፤ በ11 ዓመቷ ተዳረች። አባቷ ለመንጻት ሥርዓት እጅግ የሚጨነቁ ሰው ስለ ነበሩ ቤተ ሰቡ ሁሉ ይሳቀቅ ነበር። ከሌላ ወገን ሰው እጅ ውሃ መቀበል ያረክሳል እየተባለች ላደገች ሴት፣ የባሏ መጠመቅ ከባድ ሐዘን ነበር። ባሏ በሕይወት እያለ እንደ መበለት ሆነች። ትንሽ ልጇን ይዛ ከዘመድ ተጠግታ፣ ከባሏ ተለይታ ለዓመታት ኖረች።

የመጽሐፉ የመጀመሪያ ብርታት ማንንም ቅዱስ አድርጎ አለመሳሉ ነው። ቲላክ በሚስቱ ብዕር ሲቀርብ ለጋስና አፍቃሪ ነው፤ ደግሞም ቁጡ፣ ድንገት ብድግ ብሎ የሚሄድ፣ ገንዘብ እጁ ላይ የማይቆይ ሰው ነው። ይህን ሁሉ ስቃ ትነግረናለች እንጂ አታማውም። በራሷ ሞኝነት ደግሞ ይበልጥ ትስቃለች። አንባቢ ገጹን ሲዘጋ ቲላክን አይንቀውም፤ እንዲያውም ይቀርበዋል።

ሁለተኛው ብርታት እምነቷን የምትተርክበት መንገድ ነው። ወደ ባሏ ከተመለሰች በኋላም ወዲያው አላመነችም፤ የወገኗን ሥርዓት ይዛ የምትበላውን ለይታ ኖረች። ቀስ በቀስ ግን ካስት የሚባለው የወገን እርከን ከእግዚአብሔር ሳይሆን ከሰው እንደ መጣ በራሷ አእምሮ መዝና ደረሰችበት፤ ከማንም እጅ መብላትና መጠጣት ጀመረች። በ1900 ተጠመቀች። መብረቅ የሚወርድበት ትዕይንት የሚጠብቅ አንባቢ አያገኘውም። የሚያገኘው ማዕድ ላይ የተጀመረ ለውጥ ነው።

በዚህ ምክንያት በ1950 የታተመው የእንግሊዝኛ ትርጉም «እከተላለሁ» መባሉን አልወደድሁትም። ክርስቶስን መከተል ለማለት ቢሆንም፣ ባሏን ተከትላ የገባች ያስመስላታል። መጽሐፉ የሚያሳየን ግን ባሏ እየጠበቃት በራሷ እግር የመጣች ሴትን ነው። መደበኛ ትምህርት ያልነበራት ይህች ሴት፣ ቲላክ በ1919 ሲሞት ሳይጨርስ የተወውን «ክሪስታያን» የተባለ ስለ ክርስቶስ የተጻፈ ረጅም ቅኔ ፈጽማለች።

ጉድለትም አለው። ትዝታዎቹ ተራ በተራ ይፈስሳሉ እንጂ ዓመቱን አጥብቀው አይነግሩንም። የዘመዱና የከተማው ስም ስለሚበዛ ለአገሩ እንግዳ የሆነ አንባቢ ወረቀትና እርሳስ ይዞ ቢቀመጥ ይሻለዋል። በናራያን ልብ ውስጥ የነበረውን ትግልም ከውጭ ብቻ ነው የምናየው፤ ለምን እንዳመነ ማወቅ የሚፈልግ ሌላ መጽሐፍ መፈለግ አለበት።

ሆኖም ምስክርነት ለምንጽፍ ወጣቶች መጽሐፉ ብርቱ ጥያቄ ያነሣል። በጽሑፋችን ያላመኑት ቤተ ሰቦቻችን ብዙውን ጊዜ «አሳዳጆች» ብቻ ሆነው ይቀራሉ፤ እንባቸው አይቆጠርም፤ እኛም ያጠፋነው ነገር የለም። ላክሽሚባይ በአንድ ወቅት ከእነዚያ «አሳዳጆች» ወገን ነበረች። እንደ ጠላት ተቆጥራ ተትታ ቢሆን ኖሮ ይህ መጽሐፍ ባልተጻፈ፣ ያ ቅኔም ሳይፈጸም በቀረ ነበር። እንግዲህ ምስክርነታችሁን ስትጽፉ እቤት ለቀረው ሰው አንድ ገጽ ስጡት፤ ከመጻፋችሁም በፊት ሄዳችሁ እርሱን ጠይቁት።